የሕዋ ትምህርት ክረምትና የደቻቱ ጥያቄ

ስለ ሕዋ ለመማር ከሄድኩባት ፈረንሳይ ከተመለስኩ ወዲህ ድሬዳዋ ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ፣ ሰላምታው እንዳለቀ፣ ስለ ጠፈርተኞች ይጠይቀኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል፤ የምመልሰውም አላጣም። ይሁንና ከዚያ የትምህርት ክረምት ከሁሉ በላይ በውስጤ የቀረው፣ ሐኪሙ፣ የሕግ ባለሙያዋ፣ የሮኬት መሐንዲሱና የውሃ መሐንዲስ የሆንኩት እኔ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ እንቅልፍ እየታገለን፣ አንዳችን የሌላችንን ዕውቀት እስክንረዳ ድረስ የተነጋገርንበት ኑሮ ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ትምህርት ዋና ፍሬ ከዚያ ጠረጴዛ እንደሚገኝ አምናለሁ። ድሬዳዋ ያሳደገችው ሰው ደግሞ ለዚያ ጠረጴዛ ራሱ ከሚገምተው በላይ የተዘጋጀ መሆኑን እዚያው ሆኜ አይቻለሁ።

ትምህርቱን የሚሰጠው ዓለም አቀፉ የሕዋ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። መሥራቾቹ ፒተር ዲያማንዲስ፣ ቶድ ሃውሊና ቦብ ሪቻርድስ የተባሉ ወጣቶች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያው የክረምት ትምህርት በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሰጥ ከ21 አገሮች የመጡ 104 ተማሪዎች ተገኝተዋል። ዘመኑን ማስታወስ ይገባል። ዓለም በምሥራቅና በምዕራብ ተከፍላ ነበር፤ ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ሰባት ሰዎች እንደያዘች ሰማይ ላይ ከጠፋችም ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አልሞላም ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወጣቶችን ከየአገሩ ሰብስቦ ስለ ሕዋ አብረው እንዲማሩ ማድረግ ድፍረት ይጠይቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። በኋላ ዩኒቨርሲቲው መቀመጫውን በፈረንሳይ፣ ከስትራስቡርግ ከተማ አጠገብ ባለችው ኢልኪርሽ-ግራፈንስታደን አደረገ። የክረምቱ ፕሮግራም ግን ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ አገር እየቀየረ ይካሄዳል። ከዩኒቨርሲቲው ምሩቃን አንዷ፣ እዚያው የማስተርስ ዲግሪዋን እ.ኤ.አ. በ2000 የተቀበለችው ጄሲካ ሜር፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 2019 ከክሪስቲና ኮክ ጋር ሆና ሴቶች ብቻ የተሳተፉበትን የመጀመሪያውን የሕዋ ጉዞ ከዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ውጭ አድርጋለች። ይህን የሰማሁት ገና ማመልከቻ ስጽፍ ነበርና ብዙ ጉልበት ሰጥቶኛል።

ለረጅም ዓመታት ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ሲወስድ የቆየው ይህ ፕሮግራም አወቃቀሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሁሉም ተማሪ፣ ሙያው ምንም ይሁን ምን፣ የሚከታተላቸው መሠረታዊ ትምህርቶች አሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱ በመረጠው የትምህርት ክፍል ጠለቅ ብሎ ይሠራል፤ በመጨረሻም በቡድን አንድ ሰፊ ችግር ይዞ የጥናት ሪፖርት ያዘጋጃል። የትምህርት ክፍሎቹ ከምህንድስናና ከሳይንስ ጀምሮ የሳተላይት መረጃ አጠቃቀምን፣ የሰው ልጅ ጤናን በሕዋ ውስጥ፣ ፖሊሲንና ሕግን፣ ንግድንና አስተዳደርን፣ የታሪክና የጥበብ ትምህርቶችን ሳይቀር ያካትታሉ። የሕግ ባለሙያዋ ስለ ሮኬት ግፊት ትሰማለች፤ የሮኬት መሐንዲሱ ስለ ውል ሕግ ይሰማል፤ ማንም ቢሆን "ይህ የእኔ ሙያ አይደለም" ብሎ ከክፍል አይቀርም።

ቀኑ ረጅም ነው፤ ለመግለጽ ከምችለው በላይ ረጅም ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ትምህርት ይጀመራል፣ አንዱ መምህር ሳይወጣ ሌላው ይገባል፣ ከምሳ በኋላ የተግባር ሥራ አለ፣ ማታ ደግሞ ለከተማው ሕዝብ ጭምር ክፍት የሆነ ንግግር ይኖራል። ከዚያ በኋላ የቡድን ሥራ ይቀጥላል። ስትራስቡርግ በሰሜን 48 ዲግሪ ተኩል ገደማ ኬክሮስ ላይ የምትገኝ በመሆኗ በሰኔና በሐምሌ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ሲመሽ ለለመደች የድሬዳዋ ልጅ ይህ ብርሃን ሰውነትን ግራ ያጋባል፤ ገና ቀን ነው ብዬ ስሠራ እኩለ ሌሊት ይሆናል። አብሮ አደጌ ስልክ ስትደውልልኝ ድምፄን ሰምታ፣ "አቦ ተኚ እንጂ! ሰማዩ የትም አይሄድም" ትለኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ስለ ትምህርቱ አንድም ቀን ሳትጠይቅ፣ "በልተሻል ወይ ልጄ?" ብላ ጀምራ በዚያው ትጨርስ ነበር። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ድካሙ ዓላማ አለው። ሰው ሲደክም የሙያውን ካባ ያወልቃል፤ ያልገባውን አልገባኝም ማለት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁላችንም በየሙያችን ቃላት ተከልለን ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን አንድ የሕንድ ሐኪም እኩለ ሌሊት ላይ ወደ እኔ መጥቶ፣ "የወንዝ ተፋሰስ የሚባለውን ነገር ከመጀመሪያው ጀምረሽ አስረጂኝ፣ እንደ ልጅ አስረጂኝ" አለኝ። ሃያ ዓመት ቀዶ ሕክምና የሠራ ሰው ነው። ያን ያህል የተማረ ሰው እንዲህ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ሌሊት በኋላ እኔም በምሕዋር ስሌት ክፍል እጄን ለማንሳት አልተቸገርኩም።

ከትምህርቶቹ ሁለቱን ብቻ አነሳለሁ፤ ሌሎቹ ጥሩ አልነበሩም ማለቴ ሳይሆን እነዚህ ሁለቱ አስተሳሰቤን ስለቀየሩት ነው።

የመጀመሪያው ስለ አጥንት ነው። በዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ፣ ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሸክም የሚሸከሙ አጥንቶቹ በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆን ማዕድናቸውን ያጣሉ። አንዲት ዕድሜዋ የገፋ እናት እዚህ ምድር ላይ በዓመት የምታጣውን ያህል ጤነኛው ጠፈርተኛ በአንድ ወር ያጣል ማለት ነው። ይህን ለመከላከል ጠፈርተኞች በየቀኑ ሁለት ሰዓት ገደማ በልዩ መሣሪያ ስፖርት ይሠራሉ። መምህሩ ይህን ሲያስረዱ ስለ ሕዋ እየተናገሩ መሆኑን ረስቼ ስለ አያቴ ጉልበት ማሰብ ጀመርኩ። አጥንት ሸክም ስለሚሸከም ይጠነክራል፤ ሸክሙ ሲነሳለት ሰውነት አያስፈልግም ብሎ ያፈርሰዋል። ይህን ያረጋገጡልን ሸክም በሌለበት የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ዕውቀቱ ግን የሚያገለግለው መሰላሉን መውጣት ላቃታት የእኔ አያት ጭምር ነው።

ሁለተኛው የሕግ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የሕዋ ስምምነት ማንም አገር ጨረቃንም ሆነ ሌላ የሰማይ አካል የግዛቴ አካል ነው ሊል እንደማይችል ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የኃላፊነት ስምምነት ደግሞ አንድ አገር ያመጠቀው ነገር ምድር ላይ ወድቆ ጉዳት ቢያደርስ፣ ጥፋተኛ ሆነም አልሆነ፣ አገሩ ካሣ እንዲከፍል ያስገድዳል። ኮስሞስ 954 የተባለች፣ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የተሸከመች የሶቪየት ሳተላይት እ.ኤ.አ. በጥር 1978 በካናዳ ሰሜናዊ ምድር ላይ ስትበታተን ካናዳ 6 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ጠይቃ ከሦስት ዓመት በኋላ 3 ሚሊዮን አገኘች። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን እምብዛም የማይወራለት ሌላ ሰነድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1986 ምድርን ከሕዋ ስለመቃኘት ባጸደቃቸው መርሆዎች ውስጥ፣ ከላይ ሆኖ ምስሉ የተነሳ አገር ስለ ግዛቱ የተሰበሰበውን መረጃ ያለ አድልዎና በተመጣጣኝ ዋጋ የማግኘት መብት እንዳለው ሰፍሯል። የከተማዬን ምስል ማን እንደሚያነሳና ለማን እንደሚሰጥ እስከዚያ ቀን ድረስ አስቤበት አላውቅም ነበር። ያን ቀን አጠገቤ የተቀመጠችው የብራዚል የሕግ ባለሙያ ነገሩ እንደያዘኝ አይታ ማታ እስኪመሽ አልጠበቀችም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሰነዱን አንቀጽ በአንቀጽ አነበበችልኝ።

የአገራችን ነገርም በየጊዜው ይነሳ ነበር። የክፍል ጓደኞቼ ኢትዮጵያ ሳተላይት እንዳላት ሲሰሙ አብዛኛዎቹ ይገረማሉ። ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የምድር ቅኝት ሳተላይታችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን ማዕከል መመጠቋን፣ በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ መከተሏን፣ በእንጦጦ ተራራ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች እንዳሉን ስነግራቸው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ይበዛል። የኬንያዋ የሳተላይት መረጃ ባለሙያም የራሷን ትጨምራለች። በአገሯ በማሊንዲ አቅራቢያ ባሕር ላይ ከቆመ መድረክ፣ የኬንያ የነፃነት ቀን በሚከበርበት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1970፣ ኡሁሩ የተባለች የኤክስሬይ ሳተላይት መምጠቋን በኩራት ትናገር ነበር። ከምድር ወገብ አጠገብ ወደ ምሥራቅ የሚነሳ ሮኬት ምድር በራሷ ዛቢያ ስትዞር ከምትሰጠው በሰከንድ ከ460 ሜትር በላይ ፍጥነት ተጠቃሚ ይሆናል፤ ስለዚህ የአፍሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ለሮኬት የተመቸ ቦታ ነው። ሁለታችን ይህን ስንነጋገር አንድ ጣሊያናዊ ተማሪ ቀርቦ ስለዚያው መድረክ ከአያቱ የሰማውን አጫወተን፤ መድረኩን ያቋቋሙት የአገሩ ሰዎች ናቸውና።

አሁን ወደ ቡድን ሥራው ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ያመጣሁት ለእሱ ነው።

የቡድናችን ርእስ በድንገተኛ ጎርፍ የሚጠቁ ከተሞችን ከሕዋ በሚገኝ መረጃ እንዴት ቀድሞ ማስጠንቀቅ ይቻላል የሚል ነበር። እያንዳንዱ አባል ምሳሌ የሚሆን ከተማ እንዲያቀርብ ሲጠየቅ እኔ ደቻቱን አቀረብኩ። ድሬዳዋን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ደቻቱ ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል፣ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የማይታይበት የአሸዋ ወንዝ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ይሻገርበታል፣ ነጋዴ ዕቃውን ይዘረጋበታል። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሞቃቱ ሜዳ ስትገኝ፣ ውሃው የሚመጣው ከደቡብ በኩል፣ ከደንገጎ ጀርባ ካሉት ደጋ ተራሮች ነው። ስለዚህ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ላይ ከዋክብት እየታዩ፣ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከባድ ጎርፍ መጣ። ከተራራው የወረደው ውሃ ሰው በተኛበት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ሺዎችን ቤት አልባ አደረገ። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከፍ ያለ ቦታ ላይ በመሆኑ ተረፍን፤ በቀጣዩ መስከረም ክፍላችን ውስጥ ባዶ የቀሩትን ወንበሮች ግን አልረሳቸውም።

በነጩ ሰሌዳ ላይ ደቻቱን ሣልኩት። ተራራውን ከላይ፣ ከተማውን ከታች፣ መካከሉን በአንድ መስመር አገናኘሁት። የጃፓኑ የሮኬት መሐንዲስ፣ እስከዚያ ቀን በእንግሊዝኛው ፍጥነት ተይዞ ከቡድኑ ሁሉ ዝምተኛው የነበረው ሰው፣ ተነስቶ ቀይ እስክርቢቶ አነሳና መስመሩ አጠገብ አንድ ጥያቄ ምልክት አደረገ። ዝናቡ ተራራው ላይ ከወረደ በኋላ ውሃው ከተማው እስኪደርስ ስንት ሰዓት ይፈጃል ማለቱ ነበር። ጥቂት ሰዓት ብቻ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ፣ ብዬ መለስኩ። እሱም ከሰሌዳው በስተግራ የምናውቃቸውን ሳተላይቶች፣ በስተቀኝ እያንዳንዱ መረጃ እስኪደርስ የሚወስደውን ጊዜ መጻፍ ጀመረ። ሌሊቱን ሙሉ የሠራነው ይህን ዝርዝር አንድ በአንድ መፈተን ነበር።

ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች 10 ሜትር ስፋት ያለውን ነገር ለይተው ያሳያሉ፤ ምስላቸውም ለማንም በነፃ ይሰጣል። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ የሚመለሱት በአምስት ቀን አንድ ጊዜ፣ እሱም በአካባቢው ሰዓት ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ደመና ካለ ደግሞ ከደመናው በታች ያለውን አያዩም። የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ በሌሊት ይሄዳል። ሴንቲኔል-1 በራዳር ስለሚሠራ ጨለማም ደመናም አያግደውም፤ እሱም ቢሆን በየቀኑ አያልፍም። የአሜሪካና የጃፓን የሕዋ ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2014 ባመጠቋት ሳተላይት ዙሪያ የተደራጀው የዓለም የዝናብ ልኬት በየግማሽ ሰዓቱ ግምት ያወጣል፤ ፈጣኑ ውጤት ግን ተጠቃሚው እጅ የሚደርሰው ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ውሃው መጋላን አልፎ ሄዷል። ትልልቅ አደጋዎች ሲደርሱ የሳተላይት ምስል በነፃ የሚያቀርበው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረው ዓለም አቀፍ ቻርተርም የሚጠራው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ተስፋ የሰጠን ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የቆመው የሜቲዮሳት ሳተላይት ነበር። እሱ ምድርን በየ15 ደቂቃው ያያል። ዝናቡን በቀጥታ አይለካም፤ የደመናውን ጫፍ ሙቀት ግን ይለካል፤ ጫፉ በፍጥነት የሚቀዘቅዝ ደመና ወደ ላይ እያደገ ያለ፣ ከባድ ዝናብ ሊያወርድ የሚችል ደመና ነው። ደመናው ከደንገጎ በላይ ሲያድግ ካየን፣ ተራራው ላይ የቆመ አንድ የዝናብ መለኪያ ያንኑ ካረጋገጠልን፣ አንድ ሰዓት እናተርፋለን። አንድ ሰዓት ሰውን ከአሸዋው ዳር ለማውጣት ይበቃል።

እዚህ ስንደርስ ሌሊቱ ተጋምሶ ነበር፤ ሥራው ያለቀ መስሎን ነበር። የብራዚሏ የሕግ ባለሙያ ግን እስክርቢቶዋን አስቀምጣ፣ "መረጃው በሰዓቱ ደረሰ እንበል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሕዝቡን የሚቀሰቅሰው ማን ነው? ጎርፉ ሳይመጣ ቢቀርስ የሚጠየቀው ማን ነው?" አለች። ሐኪሙም ቀጠለ። ሦስት ጊዜ በከንቱ የተቀሰቀሰ ሰው በአራተኛው ከአልጋው አይነሳም፤ በሆስፒታል ውስጥ ያለማቋረጥ የሚጮሁ የማስጠንቀቂያ መሣሪያዎችን ነርሶች መስማት እንደሚያቆሙ አይቷል። መሐንዲሶቹ መልስ አልነበረንም። ስለ ሳተላይት ስንነጋገር ያደርንበት ነገር ሁሉ በመጨረሻው መንገድ ላይ፣ ከስልክ እስከ ሰው ጆሮ ባለችው አጭር ርቀት ላይ፣ ሊቀር እንደሚችል ገባን።

የድሬዳዋ ልጅነቴ የጠቀመኝ ያን ጊዜ ነው። ያደግኩበት ግቢ ውስጥ በአንዱ በር ኦሮምኛ፣ በሌላው ሶማሊኛ፣ በእኛ በር አማርኛ ይነገር ነበር። በስተማዶ ያሉት የሐረሪ ቤተሰቦች ደግሞ ልጆቻቸውን በራሳቸው ቋንቋ ይጠሩ ነበር። ስኳር ልግዛ ተልኬ ስሄድ በአንዱ ቋንቋ ጀምሬ በሌላው እጨርሳለሁ፤ ባለሱቁም እንዲሁ። ይህ ለድሬዳዋ ሰው ምንም የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን ግማሽ በግማሽ እየተግባቡ መኖር አንድ ልማድ ያስተምራል፤ የሰማኸውን በራስህ አነጋገር መልሰህ "እንዲህ ማለትህ ነው?" ብለህ ሳታረጋግጥ ወደ ሥራ አትሄድም። በቡድናችን ውስጥ ይህን ያለማንም ትእዛዝ ማድረግ ጀመርኩ። የሕንዱን ሐኪም ሐሳብ ለጃፓኑ መሐንዲስ፣ የጃፓኑን ሥዕል ለብራዚሏ የሕግ ባለሙያ እየመለስኩ ትክክል መሆኑን እጠይቅ ነበር። በታላላቅ ከተሞች በአንድ ቋንቋና በአንድ ሙያ መካከል ያደጉ፣ ከእኔ እጅግ የተሻሉ ባለሙያዎች ይህን ለመልመድ ጊዜ ወሰደባቸው። ይህን የምጽፈው በአካባቢያችን ያሉ ወጣቶች ማመልከቻ ሲሞሉ "እኔ ምን አለኝ?" እንዳይሉ ስለምፈልግ ነው።

ለሕግ ባለሙያዋ ጥያቄ ያን ሌሊት የሰጠሁት መልስም ከዚያው ከግቢያችን የመጣ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ሌሊት የሚነሳው ለሚያውቀው ድምፅ ነው። መስጊዱ ድምፅ ማጉያ አለው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደወልና ድምፅ ማጉያ አለው፣ እያንዳንዱ ሰፈር ደግሞ ዕድር አለው። የዕድሩ ለፋፊ ሌሊት ሲዞር ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ከስልክ መልእክት በተጨማሪ በእነዚህ ሰዎች በኩል፣ በሰፈሩ ቋንቋ፣ ማለፍ አለበት አልኩ። ኃላፊነቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተወሰነ ግን ማንም ደፍሮ አይጮህም ብላ የሕግ ባለሙያዋ አጥብቃ ያዘች። ሪፖርታችን ውስጥ ረጅሙ ምዕራፍ በመጨረሻ ስለ ሳተላይት የተጻፈው ሳይሆን ስለዚህ የተጻፈው ሆነ። ስናቀርበው ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ያተኮሩት በዚሁ ምዕራፍ ላይ ነበር፤ ተገቢም ነበር።

እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ክፍያቸው ከፍተኛ ስለሆነ ከእኛ አገር የሚሄድ ሰው ያለ ነፃ የትምህርት ዕድል መማር ይከብደዋል። ማመልከት የሚፈልግ ሰው የትምህርት ዕድሉን ማመልከቻ ከፓስፖርትና ከቪዛ ጉዳይ ጋር አብሮ ቀደም ብሎ ይጀምር። እንግሊዝኛ ማንበብ ከሚችል ይልቅ በእንግሊዝኛ ያልገባውን ደፍሮ የሚጠይቅ ሰው እዚያ ይጠቀማል። የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽሑፍ መጠነኛ ዕውቀትም ብዙ በር ይከፍታል። ከዚህ በላይ ምክር የለኝም።

ከተመለስኩ በኋላ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁላችንም ፈረንሳይ መሄድ አንችልም፤ ጠረጴዛውን ግን እዚህ መዘርጋት እንችላለን። በምሥራቁ አገራችን በቅርብ ርቀት ላይ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ድሬዳዋ፣ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ሐረማያ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ ጅግጅጋ። የሕግ ተማሪው አንዱ ግቢ፣ የጤና ተማሪው ሐረር፣ የውሃ መሐንዲሱ ድሬዳዋ ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ይመረቃሉ። የጋራ ጥያቄ ደግሞ አላጣንም። ለሐረር ከተማ ውሃ ስትሰጥ የኖረችው የሐረማያ ሐይቅ ስትደርቅ፣ ከዓመታት በኋላም ውሃ መልሳ መያዝ ስትጀምር፣ ሁሉንም ሳተላይት ሲመዘግበው ቆይቷል። ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ያነሷቸው ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው። ሐረር ዛሬ ውሃ ከምታገኝባቸው ምንጮች አንዱ ከድሬዳዋ በኩል የሚሳብ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች ጥም አንድ ሆኗል። ይህን የሚያጠና ቡድን መሐንዲስ ብቻ ቢሆን እንደማይበቃ ያ የስትራስቡርግ ሌሊት አሳምኖኛል።

በዚህ ሐሳብ ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሰብሰብ ጀምረናል። አንዲት የሕግ ተማሪ፣ ሁለት የውሃ ምህንድስና ተማሪዎች፣ አንድ የጤና ተማሪ፣ አንድ የኮምፒውተር ተማሪ ነን። ሙቀቱ በረድ እስኪል በከዚራ ዛፎች ሥር ተቀምጠን እንቆያለን፤ ከዚያ ወደ ክፍል ገብተን የደመና ምስሎቹን እንከፍታለን። መብራት ሲጠፋ በወረቀት እንቀጥላለን። እስካሁን የሠራነው ካለፉት ክረምቶች የተመረጡ ከባድ ዝናቦችን ወስደን የሜቲዮሳት ምስል ከደንገጎ በላይ ምን ያሳይ እንደነበረ መመርመር ነው። ውጤቱ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ የሕግ ተማሪዋ ደግሞ ማን ያስጠንቅቅ የሚለውን ጥያቄ ይዛ የየሰፈሩን የዕድር ዳኞች እያነጋገረች ነው። ከእሷ የምንሰማው ከምስሎቹ ባልተናነሰ ያስተምረናል። አንድ አዛውንት የዕድር ዳኛ፣ "ልጄ፣ በመጀመሪያ ለእኔ ንገሩኝ፤ ሕዝቡን ለእኔ ተዉልኝ" ብለዋታል።

በሚቀጥለው ሳምንት የዝናብ መለኪያው የሚተከልበትን ቦታ ለመምረጥ ወደ ደንገጎ እንወጣለን። ከካርታው ላይ ተስማሚ ሆነው ያገኘናቸው ሁለቱም ኮረብታዎች የገበሬዎች የጫትና የማሽላ ማሳ ያለባቸው ናቸው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የባለማሳዎቹን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርብናል። ንግግሩን በኦሮምኛ የሚመራልን የጤና ተማሪው ነው።